የሰባተኛው ፎቅ ወለል

ጫማው ከአፓርታማው በር ውጭ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ጥቁር ነው፣ ውድ ነው፣ ተወልውሏል። ካልሲዎቹ ተጠቅልለው ቀኝ እግሩ ውስጥ ገብተዋል። ባለቤቱ ግን ከሰባተኛው ፎቅ በባዶ እግሩ ወርዶ፣ ከሕንፃው ጓሮ የአሸዋ ክምር አጠገብ ወድቋል። እሑድ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እኔና ሳጅኔ ስንደርስ ሬሳው በአንድ አሮጌ ጃኬት ተሸፍኖ ነበር።

"ይኼማ ግልጽ ነው ጌታዬ" አለኝ ሳጅኑ። "ራሱን የሚጥል ሰው ጫማውን ያወልቃል። ኮርስ ላይ ተምረናል።"

"ለምን እንደሚያወልቅስ አስተምረዋችኋል?"

"እሱ በሚቀጥለው ሳምንት ነበር። አልሄድኩም።"

ሟቹን ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። የሪል ስቴት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ ነው፤ አሥራ አንድ ሕንፃ አቁሟል፣ ይኼ አሥራ ሁለተኛው ነው። በየአደባባዩ በተሰቀለው ማስታወቂያ ላይ "ቤትዎ እየጠበቀዎት ነው" እያለ ፈገግ ይላል። እኔ በሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስነት ዘመኔ ዘጠኝ ቤት የቀየርኩ ተከራይ ስለሆንኩ፣ በዚያ ፈገግታ ሥር ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔን ወደ መሬት እሰብር ነበር። አሁን ግን ፊቱን ሳየው አሳዘነኝ። ያለ ፈገግታው አንድ የደከመው ግንበኛ ይመስላል።

አፓርታማው ተጠናቋል ማለት ይቻላል። ሦስት መኝታ ቤት፣ ሰፊ ሳሎን፣ ነጭ ሴራሚክ የተነጠፈበት ወለል። ወለሉ ፊት ያሳያል፤ አንዲት ስንጥቅ፣ አንዲት ጭረት የለበትም። ያልተገጠመው የበረንዳው መስታወት ብቻ ነው። በእሱ ቦታ አንድ ገመድ ተወጥሮ ነበር፤ በአንድ በኩል ተበጥሶ ተንጠልጥሏል።

ሬሳውን ያገኘው የሕንፃው ዘበኛ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስጠይቀው ነው እውነቱን የነገረኝ።

"ሥራ አስኪያጁ ሦስት ሰዓት ላይ በዋናው በር ገቡ። ብቻቸውን። እሑድ ስለሆነ ሠራተኛ የለም። እኔም… ኳስ ነበር ጌታዬ። በሬዲዮ።"

"ስንት ለስንት አለቀ?"

"ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን።" አንገቱን ደፋ። "ስድስት ሰዓት ሲሆን ለሽንት ወደ ጓሮ ስዞር አየኋቸው። ወዲያው ፎርማኑ ጋ ደወልኩ። ደግ ሰው ናቸው፣ እንደ ንፋስ ነው የደረሱት። አሥር ደቂቃ አልሞላም። ጃኬታቸውን አውልቀው ያለበሷቸው እሳቸው ናቸው።"

ፎርማኑ ከሬሳው ትንሽ ራቅ ብለው ብሎኬት ላይ ተቀምጠዋል። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ እጃቸው የሻከረ፣ አፋቸው የተቆጠበ ሰው ናቸው። ሠራተኛው "ውሃልክ" ይላቸዋል። ግንበኛ ግድግዳ መቅናቱን የሚለካበት መሣሪያ ነው፤ እሳቸው ያለ መሣሪያው በዓይናቸው ይለካሉ ይባላል።

"ከመቼ ጀምሮ ይተዋወቃሉ?" አልኳቸው።

"ሁለታችንም ሴራሚክ አንጣፊ ሆነን ጀመርን። ሠላሳ አምስት ዓመት። እሱ ተነሣ፣ እኔ እዚያው ቀረሁ።"

"ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?"

"ቤቴ። ብቻዬን ነኝ፤ ልጆቼ አግብተው ወጥተዋል።"

ይህን ሲሉኝ የሟቹ ልጅ ደረሰች። ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የቤት ጫማ አድርጋ ነው የመጣችው። ጃኬቱን ገልጣ አየችው፤ መልሳ በጥንቃቄ ሸፈነችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ጉዳዩ የሚመለከተው እርስዎን ነው?"

"አዎ።"

"የገደልኩት እኔ ነኝ።"

ሳጅኑ ብዕሩን አወጣ።

"እንዴት አድርገሽ?" አልኳት።

"ይኼ ሕንፃ የቆመበት ቦታ ቤታችን ነበር። እናቴ የታመመችበት፣ የሞተችበት። ዓመቷ ሳይሞላ አፈረሰው። እኔ የሰማሁት ከማስታወቂያ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ስልኩን አንስቼለት አላውቅም።" ትንፋሽ ወሰደች። "ዛሬ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደወለ። እጄን ምን እንዳቀለጠፈው እንጃ፣ አነሳሁት። 'ነይ፣ የማሳይሽ ነገር አለ' አለኝ። 'አንተ ያቆምከውን ነገር እግሬ አይረግጥም፤ ብትሞትም አልመጣም' አልኩትና ዘጋሁት።" ወደ ጃኬቱ አየች። "ይኸው መጣሁ።"

 ፎርማኑ ተነሥተው ያዟት፤ "ጋሼ ውሃልክ!" ብላ ደረታቸው ላይ ወደቀች። በሕፃንነቷ በትከሻቸው የተሸከሟት ሰው እንደሆኑ ኋላ ሰማሁ። ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ "በቃ፣ በቃ" አሏት። እንዲህ ባለ ሰዓት ማንም ሰው "ያንቺ ጥፋት አይደለም" ይላል፤ መንገደኛም ይላል። እሳቸው አላሉም። ይህን ልብ ያልኩት ግን ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

*

ሰኞ ጠዋት የምርመራ ሐኪሙ ጠራኝ። ሰውየው የሞተው አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ የገደለውም ውድቀቱ ነው። ሐኪሙ ይህን ተናግሮ ሲያበቃ በመቆንጠጫ አንዲት ነገር አሳየኝ። ከጥፍር የምታንስ ነጭ የሴራሚክ ስባሪ።

"ቀኝ ተረከዙ ውስጥ ነበረች። በሕይወት ሳለ ነው የገባችው። ቆሞ ረግጧታል።"

ወደ አዛዡ ይዣት ሄድኩ። አዛዤ መዝገብ ሲዘጋ ደስ የሚለው ሰው ነው።

"ሕንፃ ሲሠራ ስባሪ ሴራሚክ አገኘሁ ትለኛለህ?" አለኝ። "ባሕር ውስጥ ውሃ አላገኘህም? ጫማው አለ፣ የልጅቷ ቃል አለ። ራሱን ነው ያጠፋው። ዝጋው።"

"የወደቀበት ቦታ አሸዋ ነው። አፓርታማው ውስጥ ደግሞ አንድ የተሰበረ ሴራሚክ የለም። የትኛውን ስባሪ ነው የረገጠው?"

አዛዡ የቀን መቁጠሪያውን አየ። "እስከ ሐሙስ" አለ።

አዛዡ እንደሚለው ብዘጋው ኖሮ ማንም አይወቅሰኝም ነበር። ነገር ግን ያቺ ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ "አባቴን ገደልኩት" እያለች ልትኖር ነው። የምትኖርበት ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን ማወቅ ይገባታል አልኩ። ውሸት ከሆነ ደግሞ ከላይዋ ላይ የሚያነሣላት ከእኔ በቀር ሰው አልነበራትም።

*

ምክትል ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ተቀበለን። ግድግዳው ላይ የአሥራ አንዱ ሕንፃዎች ፎቶ በመስመር ተሰቅሏል። የመጀመሪያው ባለ አራት ክፍል ትንሽ ቤት ነው፤ ሟቹ በራፉ ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ ይስቃል። ወደ ቀኝ እየሄድን ስናይ ሕንፃው ያድጋል፣ ሰውየው ያንሳል፤ ሰባተኛው ፎቶ ላይ ከረባት አሰረ፤ ከዘጠነኛው ጀምሮ ጭራሽ የለም።

"ባለ ራዕይ ነበሩ" አለ ምክትሉ። "ከሴራሚክ አንጣፊነት ተነሥተው ኢንቨስተሮችን በስልክ የሚያዝዙ ሰው ሆኑ። የማስረከቢያ ጊዜን ከሁለት ዓመት ወደ አሥር ወር ያወረዱ የመጀመሪያው ሰው ናቸው።"

"ጫማቸውን የማውለቅ ልማድ ነበራቸው?"

"ስምንት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። ግንባታው ቦታም ሪባን ለመቁረጥ ካልሆነ አይመጡም።"

"እርስዎ እሑድ ጠዋት የት ነበሩ?"

"ቤቴ።"

ቤቱ አልነበረም። ሳጅኑ ጎረቤት ጠይቆ፣ ሰውየው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሽክ ብሎ ከቤት እንደወጣ ነገረኝ። የሟቹን ወንበር የሚወርሰው እሱ ነው፣ ዋሽቷል፣ ሽክ ብሏል፤ ሳጅኑ ካቴናውን መወልወል ቀረው። ማክሰኞ ሙሉ ቀን በዚሁ አለቀ። ማታ ላይ ምክትሉ አላስችል ብሎት እውነቱን አወጣ፤ እሑድ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት አንድ ሆቴል ውስጥ፣ በተፎካካሪ ድርጅት ለሥራ ሲፈተን ነበር። የሆቴሉ ካሜራ ከነላቡ ቀርጾታል። ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ዋልን ማለት ነው።

"ሥራውን አገኘኸው?" አለው ሳጅኑ።

"አላገኘሁም" አለ ምክትሉ።

*

ረቡዕ ጠዋት ከሕንፃው አጠገብ ያለችውን ብቸኛ አሮጌ ቤት አንኳኳሁ። ባለቤቷ አልሸጥም ብለው የቀሩ ሴት ናቸው፤ ሠራተኛው "እማማ እምቢኝ" ይላቸዋል። ግቢያቸው ላይ የሕንፃው ጥላ እንደተኛ ነው፤ ልብሳቸው በሦስት ቀን አይደርቅም።

"ፀሐዬን ነው የወሰደብኝ" አሉ። "ሞቱን ግን አልተመኘሁም። በእሑድ እንኳ የማያርፉ ሰዎች!"

"እሑድ? እሑድ ሥራ አልነበረም እኮ፣ እማማ።"

"ጆሮዬ ነው የቀረልኝ ልጄ፣ እሱን አትውሰድብኝ። አራት ሰዓት ገደማ ቋ! ቋ! አለ። ከዚያ ጸጥ። ተመስገን ብዬ ልብሴን ላሰጣ ስወጣ ደግሞ ቸብ ቸብ፣ ቸብ ቸብ፤ ቀስ ያለ፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው። እስከ አምስት ሰዓት ተኩል አላቆመም።"

"ለምን እስከ ዛሬ አልተናገሩም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ሰውየው አራት ሰዓት ላይ ሞቷል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ከምናምን ያንኳኳው ማነው? ይህን እያብላላሁ ጣቢያ ስመለስ ልጅቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ከእሑድ ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ፊቷ ይናገራል።

"ጫማውን ልወስድ እችል እንደሆነ ብዬ ነው" አለች።

"ትንሽ ቆዪ። እስቲ ንገሪኝ፣ አባትሽ ጫማውን ለምን የሚያወልቅ ይመስልሻል?"

"ለመሞት ነው አሉኝ።"

"በፊትስ? ልጅ ሳለሽ?"

ፊቷ ትንሽ ለሰለሰ። "ልጅ ሳለሁማ አዲስ ቤት ባለቀ ቁጥር ይዞኝ ይሄድ ነበር። ሁለታችንም ጫማችንን አውልቀን እንገባለን። 'ቤት በዓይን አይታይም፣ በእግር ነው የሚታየው' ይለኝ ነበር። ሴራሚኩን በአራቱ ጥግና በመሃሉ ብቻ ሲሚንቶ ጠብ አድርገው ሲለጥፉት ሥሩ ባዶ ይሆናል። ሥራው ይፈጥናል፣ ዓመት ሳይሞላ ግን ይሰነጠቃል። 'በዓይን አታውቂውም፤ ተረከዝሽን ስታሳርፊበት ይነግርሻል' ይለኝ ነበር። ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ተወው።"

ሳጅኑን ጠርቼ በቀጥታ ወደ ሰባተኛው ፎቅ ሄድን።

*

በሩ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። የካልሲዬ ቀዳዳ ሲወጣ ሳጅኑ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል።

ተረከዜ የባለሙያ ተረከዝ አይደለም፤ ስለዚህ ተንበርክኬ በቁልፍ እያንኳኳሁ ሄድኩ። የመጀመሪያው ሴራሚክ እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸ። ሁለተኛውም፣ አሥረኛውም፣ ሠላሳኛውም። ያ ፊት የሚያሳይ ወለል በሙሉ ሥሩ ባዶ ነው። ሰው ይህን የመሰለ ቤት ለማግኘት ዕድሜውን ይገፋል።

ወደ በረንዳው በር ስጠጋ አንዱን ነካሁት፤ አልጮኸም። ደገምኩት። ድፍን ድምፅ፣ እንደ ድንጋይ። ግራውን ሞከርኩ፣ ባዶ። ቀኙንም፣ ባዶ። ከዚያ ሁሉ ወለል መሃል በደንብ የተነጠፈው አንድ ሴራሚክ ብቻ ነው።

"አንሣው" አልኩት ሳጅኑን።

ሴራሚኩ አልነቀል አለ። በመሮ ታግለን፣ ጠርዙን ሰብረን አነሣነው። ሥሩ ከዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ ተሞልቷል፤ ሲሚንቶው ገና እርጥበት አልለቀቀም። በጎረቤቱ ሴራሚክ ጠርዝ ላይ ደግሞ የደረቀ የደም ነጠብጣብ ነበር።

"አንዱ ተሰብሮ ነበር ማለት ነው" አለ ሳጅኑ። "ገዳዩ በአዲስ ተካው።"

"አዎ። ብልጥ ቢሆን ኖሮ እንደሌሎቹ ባዶ አድርጎ ይለጥፈው ነበር።"

እንደዚያ አድርጎ የሚያነጥፍ ሰው በዚያ ግንባታ ላይ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንደኛው ሞቷል። ያኔ የዘበኛው ቃል ትዝ አለኝ። የፎርማኑ ቤት በከተማው ሌላ ጫፍ ነው፣ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። እሳቸው ግን በአሥር ደቂቃ ደረሱ። የጓሮው በር ቁልፍም በእጃቸው ነው።

*

ሐሙስ ጠዋት ፎርማኑን አስጠራሁና ሴራሚኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።  በአውራ ጣታቸው የተሰበረውን ጠርዝ ዳበሱት።

"ማነው ያነሣው?" አሉ። "አበላሽታችሁታል።"

"እርስዎ ነዎት ያነጠፉት?"

ገልብጠው ሥሩን አዩ።

"ስለ አሥሩ ደቂቃም መጠየቅ እችላለሁ፣ ስለ ደሙም" አልኩ። "ግን እውነቱን ልንገርዎት። ዳኛ ፊት ይኼ ሁሉ ሊያከራክር ይችላል፤ ዝም ቢሉ ምናልባት ቤትዎ ይገባሉ። ነገር ግን ልጅቷ ውጭ ተቀምጣለች። አባቴን በቃሌ ገደልኩት ብላ ይኸው አምስተኛ ቀኗ ነው።"

ፎርማኑ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት አርጅተው ነበር።

"ይጥሯት" አሉ። "የምናገረው ለእሷ ነው።"

ደንቡ አይፈቅድም። ጠራኋት። ገብታ ከፊታቸው ተቀመጠች፤ ሴራሚኩን አየችው፣ እሳቸውን አየቻቸው፣ ምንም አልገባትም።

"አባትሽ ራሱን አልጣለም" አሉ ፎርማኑ። "እኔ ነኝ።"

ልጅቷ አልተነቃነቀችም።

"እሑድ ጠዋት ና አለኝ። በጓሮ በር ገብቼ አብረን ወጣን። ያ አፓርታማ ያንቺ መሆኑን ያን ቀን ነው የነገረኝ። 'የእናቷ መኝታ ቤት የነበረው እዚሁ ታች ነው፤ መስኮቱን በዚያው አቅጣጫ አስወጥቼዋለሁ' አለኝ። ከዚያ ደወለልሽ። ዘጋሽበት። ስልኩን አየው አየውና ሳቀ። 'አነሣችልኝ እኮ!' አለ። 'ቁጣዋ ቁርጥ እናቷን! ተቆጣችኝ ማለት ትመጣለች ማለት ነው።' ሳሎኑን ሦስት ጊዜ ዞረው፤ 'አነሣችልኝ፣ አነሣችልኝ' እያለ። ከዚያ ወደ በሩ ሄዶ ጫማውን አወለቀ። 'ስትመጣ እንዳላፍር ወለሉን ልየው' አለ። አሥር ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሲያደርግ አላየሁትም ነበር።"

ሳጅኑ መጻፉን አቁሟል። ጻፍ አላልኩትም።

"በረንዳው ጋ ሲደርስ ቆመ። 'ባዶ ነው' አለ። መዶሻ አንስቶ መታው፣ ተሰበረ፤ ሥሩን አየ። 'የልጄን ቤት?' አለኝ። 'የሕንፃው ስልሳ ቤት ሁሉ እንደዚሁ ነው' አልኩት። 'በአርባ ቀን አንጥፍ ያልከኝ አንተ ነህ። ስልሳ ቤት ስትረከብ ጫማህን አላወለቅህም፤ ለእሷ አወለቅህ።' እውነቴን ነበር። ግን ልጎዳው ብዬ ነው የተናገርኩት። አንገቴን አነቀኝ። ገፋሁት፤ ከላዬ ላይ እንዲነሣ ብቻ። ስባሪው ላይ ቆመ፣ አመመው፣ እግሩን ሲያነሣ ወደ ኋላ ሄደ። ገመዱ አልያዘውም። እጄን ዘረጋሁ። አልደረስኩም።"

"ከዚያስ?" አለች።

"ወርጄ አየሁት። አልፏል። ተመልሼ ወጣሁ። ስባሪውን ጠረግሁ። ልደብቅ ነበር፣ አልዋሽሽም። ሲሚንቶውን ሳዘጋጅ ግን ለእሷ ነው ብሎኝ የለ አልኩ። አንዱን እንኳ እንደ ድሮው ላንጥፍላት አልኩ። ተቀምጬ አነጠፍኩት።"

"እኔ ደረትዎ ላይ ሳለቅስስ?"

"ያኔ ልናገር ነበር። 'ራሱን ጣለ' ሲሉ ሰማሁ፤ ፈራሁ። ዝም አልኩ። ከገፋሁት ይልቅ ይኼ ነው የሚያቃጥለኝ፣ ልጄ።"

ልጅቷ ሴራሚኩን በእጇ ዳበሰች። ከዚያ ቀና አለች።

"ሳቀ አሉኝ?"

"ሳቀ።"

"'አነሣችልኝ' አለ?"

"ሦስት ጊዜ ዞረው።"

ከእሑድ ጀምሮ በትከሻዋ ተሸክማው የነበረው ነገር ሲወርድ በዓይኔ አየሁት። ጀርባዋ ቀና አለ፣ ትንፋሽዋ ተለቀቀ፣ እንባዋ ወረደ። "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አለች።

አፏን በሁለት እጇ ከደነች። ማንን ስለምን እንዳመሰገነች ያኔ ነው የገባት። ፎርማኑ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው "አትበይኝ፣ ልጄ፣ እሱን አትበይኝ" እያሉ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እሷ ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣች፤ ዘመድ ብላ የቀራት አንድ ሰውም እዚያ ክፍል ውስጥ ቀረ።

በዚያ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስድብ፣ እርግማን፣ መሐላ ሰምቻለሁ። ምስጋና ሰምቼ አላውቅም ነበር።

"ምን ብዬ ልጻፍ ጌታዬ?" አለኝ ሳጅኑ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

"የሰማኸውን።"

"ያለችውንም?"

"ያለችውንም ጻፍ" አልኩት።